ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ሲደማ "ይለፈኝ" ማለት የለበትም

ጥርስ ሲቦረሽ ደም ካየን ብዙዎቻችን "ብሩሹ ጠንካራ ሆኖ ነው" ብለን እናልፈዋለን። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን እንዲህ ብሎ ማለፍ የለበትም። እናት ወይ አባታችሁ ስኳር ካለባቸው ይህን አንብቡላቸው።

ስኳር ከድድ ጋር ምን አገናኘው? የደም ስኳር ከፍ ሲል ምራቅ ውስጥ ያለውም ስኳር ይጨምራል፤ ጥርስ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ ስኳር ይወዳሉ። በዚያ ላይ አፍ ይደርቃል፣ ሰውነት በሽታ የመከላከል አቅሙ ይደክማል፣ ቁስል ቶሎ አይድንም። ድዱ ያብጣል፣ ይደማል፣ ከጥርሱ እየሸሸ ይሄዳል። ጥርሱን የያዘው አጥንት ሲጎዳ ምንም ያልተቦረቦረ ጥርስ ሳይቀር መነቃነቅ ይጀምራል።

ብዙም የማይወራው ግን ነገሩ በተቃራኒውም እንደሚሠራ ነው። የታመመ ድድ ራሱ ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ የድዱ መቆጣት ኢንሱሊን በደንብ እንዳይሠራ ያውካል። መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰደ፣ ምግቡን እየመጠነ ስኳሩ አልወርድ ያለው ሰው አንዱ ምክንያት አፉ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ድድ በባለሙያ ጸድቶ ሲታከም የ3 ወሩ አማካይ የስኳር መጠን በመጠኑ እንደሚወርድ ጥናቶች አሳይተዋል። መድኃኒቱን ግን አይተካም።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ጀሞም በሉት ሳሪስ፣ ታክሲ ተራው አካባቢ መፋቂያ አይጠፋም። መፋቂያ ጥሩ ነው፤ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ይለስልስ እንጂ ድድ አይውጋ። ማታ ከመተኛት በፊት ግን ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ይሻላል። ደማ ተብሎ መቦረሽ ማቆም ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል፤ ቀስ ተብሎ ይቦረሻል። አፍ ሲደርቅ ውሃ እንጂ ለስላሳ መጠጥ አይጠጣም።

ጥርስ ሐኪም ጋ ሲኬድ እንደ ደም ምርመራ በባዶ ሆድ መሄድ የለም! መድኃኒት ወስዶ ቁርስ የዘለለ ሰው ወንበሩ ላይ ስኳሩ ወርዶ ሊያልበው፣ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። በልቶ፣ መድኃኒቱን ወስዶ፣ ጠዋት መሄድ ይመረጣል። "ስኳር አለብኝ፣ የምወስደው ይሄ ነው" ብሎ መናገር ግድ ነው፤ በተለይ ለማስነቀል ከሆነ። ስኳሩ በጣም ከፍ ብሎ ከተነቀለ ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላል። ስለዚህ ቀደም ብሎ በአቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ መለካት ነው።

መግል፣ የፊት እብጠት ወይም ትኩሳት ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም ውሰዷቸው።