የአክሱም ሐውልት ክቦች ለምንድን ናቸው?

የአክሱምን ሐውልት ስትስሉ፣ በየፎቁ መካከል የተደረደሩትን ትንንሽ ክቦች ልብ ብላችኋል? «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ። ጌጥ ብቻ ይመስላሉ፤ ግን ከእውነተኛ ቤት ግድግዳ የተቀዱ ናቸው።

በአክሱም ዘመን ብዙ ግድግዳ የሚሠራው በድንጋይና በጭቃ ነበር። ጭቃ ብቻውን አያስተማምንም፤ ግድግዳው ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ ግንበኞቹ በግድግዳው ርዝመት እንጨት እያጋደሙ፣ በአጫጭር እንጨቶች አገናኙት። የአጫጭሮቹ ጫፍ ወደ ውጭ ወጣ ይላል፤ የዝንጀሮ ራስ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው በዚህ ዘዴ ነው። ከሮም የተመለሰው፣ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐውልት ግን ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረበ ስለሆነ ማሰሪያ አያስፈልገውም። የእንጨቱን መልክ ብቻ ወሰደ።

በሥዕል ክፍለ ጊዜ ሞክሩት፦

1. በጠጠርና በጭቃ ሁለት እኩል ግድግዳዎች ሥሩ።
2. በአንደኛው ውስጥ ብቻ ቀጫጭን እንጨቶች አጋድሙ፤ አጫጭሮቹን አሻግሩና ጫፋቸውን አውጡ።
3. ሲደርቁ ሁለቱንም እኩል ግፉ። ቀድሞ የተሰነጠቀው የትኛው ነው?

ከዚያ ሐውልቱን እንደገና ሳሉት። በሰፈራችሁ ያሉ ቤቶችንም ስትስሉ ጠይቁ፦ ይሄ ጌጥ ነው ወይስ ሥራ አለው?