ያለ ሞተር ያሳረፉት ካፒቴንና ሽልማታቸው

ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ አፋፍ የወጣ ሰው ጆፌ አሞራን በደንብ ያውቀዋል። ክንፉን ዘርግቶ፣ አንዴም ሳያራግብ፣ ረጅም መንገድ ይንሳፈፋል። ለመሆኑ ሞተሩ የጠፋ ትልቅ አውሮፕላንስ እንዲህ መንሳፈፍ ይችላል? አዎን፣ ይችላል። ይህን በተግባር አሳይተው ከተሸለሙት አብራሪዎች አንዱ ያገራችን ሰው ካፒቴን ልዑል አባተ ናቸው።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን 175 ሰዎች ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ ሦስት ጠላፊዎች አብራሪዎቹን ወደ አውስትራሊያ እንዲበሩ አስገደዷቸው። ካፒቴኑ የተቀዳው ነዳጅ ለታሰበው ጉዞ ብቻ መሆኑን ቢያስረዱም ሰሚ አላገኙም። ታዲያ ምን አደረጉ? ወደ ውቅያኖሱ መሐል ከመግባት ይልቅ መጀመሪያ የአፍሪካን ጠረፍ ተከተሉ፤ ኋላም ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አቀኑ። እዚያ አካባቢ ነዳጁ አለቀና ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ።

እዚህ ላይ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። አውሮፕላንን አየር ላይ የሚይዘው በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ነው፤ የሞተሩ ሥራ ወደፊት መግፋት ነው። ሞተር ሲጠፋ አብራሪው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ዝቅ አድርጎ ከፍታውን በፍጥነት ይለውጣል። ፔዳል ሳይመታ ቁልቁለት እንደሚወርድ ብስክሌት ማለት ነው። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ግን ጉዞውም ያልቃል፤ እንደገና ልሞክር ማለት የለም።

ካፒቴን ልዑልና ረዳታቸው ዮናስ መኩሪያ ከጠላፊዎቹ ጋር እየታገሉ አውሮፕላኑን ከታላቋ ኮሞር ደሴት ዳርቻ 500 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ባሕር ላይ አሳረፉት። የግራ ክንፉ ቀድሞ ውሃ ነካና አውሮፕላኑ ተሰባበረ። 125 ሰዎች ሞቱ፤ 50 ተረፉ። ቦታው ለየብስ ቅርብ ስለነበረ የደሴቱ ነዋሪዎችና አገር ጎብኚዎች በጀልባ ደረሱላቸው። ስለዚህ ተግባራቸው ፍላይት ሴፍቲ ፋውንዴሽን የተባለው ዓለም አቀፍ የበረራ ደኅንነት ድርጅት ካፒቴን ልዑልን ሸለመ።

ለእኛ ለእጩ መምህራን ግን ከሽልማቱ ሌላ የሚያስተምረን ነገር አለ። ከሞቱት ውስጥ ብዙዎቹ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ የነፉ ነበሩ። ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አነሣቸውና መውጫው ከበታቻቸው ቀረ። ጃኬት እንዳለ ያውቁ ነበር፤ እንዳይነፉም ተነግሯቸው ነበር። ነገር ግን መነገርና መማር አንድ አይደሉም። በጭንቅ ሰዓት ከሰው ጋር የሚቀረው በእጁ ሠርቶ የለመደው ነው።

እኔም በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ «ገባችሁ?» ብዬ፣ «አዎ!» ሲሉኝ ሰሌዳውን ያጠፋሁበት ቀን ነበር። በማግሥቱ ጥያቄውን ሰጥቼ ባየው የገባቸው ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ተማሪው ራሱ ሠርቶ እስኪያሳየን ድረስ አስተማርን አንበል።