ብቻውን የሚጫወት ሰው የሩቅ ሰርቨር ለምን ያስፈልገዋል?

እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2024 በአይቮሪ ኮስት የባሕር ዳርቻ አቅራቢያ አራት የባሕር ሥር የኢንተርኔት ገመዶች ተጎዱ። ችግሩ ከምዕራብ አፍሪካ አልፎ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ፤ ማይክሮሶፍት በጆሃንስበርግ ከሚገኙ የመረጃ ማዕከላቱ የሚሰጠው አገልግሎት ሳይቀር ተስተጓጎለ። እንዲህ ባለው ቀን ኢሜይል ቢዘገይ ወይም የባንክ መተግበሪያ ቢቆም አያስገርምም። የሚያስገርመው፣ በቤት ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ የተቀመጠ፣ ተጋጣሚም ሆነ አጋር የማይሻ የቪዲዮ ጌም «ኢንተርኔት ከሌለ አልከፈትም» ሊል መቻሉ ነው።

ነገሩን በአግባቡ ለመመዘን ሁለት አሠራሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ስቲም የተሰኘው የጌም መሸጫ፣ በቀጣዩ ዓመት «ሃፍ ላይፍ 2»ን በዲስክ የገዙ ሰዎች እንኳ አካውንት ከፍተው ግዢያቸውን በኢንተርኔት እንዲያረጋግጡ አስገድዷል። ማረጋገጫው ካለፈ በኋላ ግን በስቲም የሚሸጡ በርካታ ጌሞች ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ሁለተኛው አሠራር ጨዋታው ከተከፈተበት እስከሚዘጋበት ደቂቃ ድረስ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር መገናኘትን ይጠይቃል፤ መስመሩ ሲቋረጥ ጨዋታውም ይቋረጣል።

ኩባንያዎች የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ውኃ የሚያነሱ ናቸው። ሕገ ወጥ ቅጂን መከላከል፣ በተለይም አብዛኛው ሽያጭ በሚከናወንባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት፣ የሠሪዎቹን ድካም ዋጋ ያስከብራል። የስህተት ማስተካከያዎች ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ። ኮምፒውተሩ የተሰረቀበት ተጫዋችም ያቆመበት ደረጃ በሰርቨር ላይ ተቀምጦ ስለሚጠብቀው ጨዋታውን ከዚያው ይቀጥላል።

ጉዳቱ የሚገለጠው ሰርቨሩ ሲሰናከል ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2013 የወጣው «ሲምሲቲ» ከተማን ብቻ ለብቻ መገንባት የሚያስችል ሆኖ ሳለ ያለማቋረጥ ኢንተርኔት ይጠይቅ ነበር። ሰርቨሮቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለተጨናነቁ ገንዘባቸውን የከፈሉ ሰዎች መግባት አቃታቸው። ያለ ኢንተርኔት መጫወት የተፈቀደው ከአንድ ዓመት በኋላ ነበር። «ዘ ክሩ» የተባለው የመኪና ጌም ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ ለብቻ የሚከናወን ቢሆንም፣ ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሮቹን ሲዘጋ ዲስኩን በእጁ የያዘ ገዢም መጫወት አልቻለም።

በጆሃንስበርግ ጄፒ አካባቢ የሚነግዱ ኢትዮጵያውያን «ሎድ ሼዲንግ» የሚለውን ቃል ትርጉም ሳይሹ ያውቁታል። በ2023 የደቡብ አፍሪካው ኤሌክትሪክ አመንጪ ኤስኮም እስከ ስድስተኛ ደረጃ፣ ማለትም እስከ 6,000 ሜጋዋት የሚደርስ ኃይል በፈረቃ የሚቀንስባቸው ቀናት ነበሩ። በዚህ ጊዜ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይሠራል፤ መጥፋቱ ሲረዝም ግን የሞባይል ማማዎች ባትሪ ያልቃል፣ ኔትወርኩም ይጠፋል። በኢትዮጵያ ደግሞ ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር፤ በአማራ ክልልም ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። አንዴ ብቻ የሚያረጋግጥ ጌም እንዲህ ያለውን ጊዜ ይሻገራል፤ ሁልጊዜ ግንኙነት የሚጠይቀው ግን አይሻገርም። የሎስ አንጀለስ ተጫዋች አልፎ አልፎ የሚገጥመው መጉላላት፣ ለጎንደር ተጫዋች የገንዘቡ መጥፋት ሊሆን ይችላል። ዋጋውን ግን ሁለቱም ይከፍላሉ።

ሕግም ወደዚህ ጥያቄ እየተጠጋ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራው የካሊፎርኒያ ሕግ፣ ገዢው የሚያገኘው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳይነግሩ ዲጂታል ዕቃን «ግዙ» ብሎ መሸጥን ይከለክላል። በቋሚነት ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ዕቃ ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። የክርክሩ ፍሬ ነገር በዚህ ልዩነት ውስጥ ይገኛል፤ ያለ ሻጩ ፈቃድ ሊሠራ የሚችል ነገር ተገዝቷል፣ የማይችለው ግን ተከራይቷል።

ስለዚህ ሚዛናዊው መንገድ ማረጋገጫን ፈጽሞ መከልከል አይደለም። ግዢው አንዴ ይረጋገጥ፤ ለብቻ የሚከናወነው ክፍል ያለ ኢንተርኔት ይሥራ፤ ሰርቨሩ ሲዘጋም ይህንኑ የሚያስችል የመጨረሻ ማስተካከያ ይሰጥ። ገዢውም ከመክፈሉ በፊት በጌሙ የሽያጭ ገጽ ላይ «የማያቋርጥ የኢንተርኔት ግንኙነት ያስፈልጋል» የሚል ማሳሰቢያ መኖር አለመኖሩን ይመልከት። ወላጆች በተለይ አገር ቤት ላለ ልጅ ጌም ሲገዙ ይህን ማየት አለባቸው፤ ስጦታው ልጁ ባለበት ቦታ መሥራቱን የሚወስነው ይህ አንድ መስመር ነውና።