ሁለተኛው አውሮፕላን ጥሎን ሲሄድ

ባለፈው ዓመት አክስቴን ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ሸኝቻት ነበር። ካናዳ ያለው ልጇ ጉዳይዋን ጨርሶላት፣ ቲኬቱንም እዚያው ሆኖ ቆርጦላታል። ናይሮቢ ላይ የመጀመሪያው አውሮፕላን አራት ሰዓት ዘግይቶ ተነሳ። እኔም “ዋናው መነሳቱ ነው” ብዬ በአውቶብስ ወደ ሞያሌ ተመለስኩ። በማግስቱ ማታ ከአንድ የአውሮፓ አየር ማረፊያ በሰው ስልክ ደወለች። “የኔ ልጅ፣ ሁለተኛው ጥሎኝ ሄደ፤ ቲኬትሽ አይሠራም እያሉኝ ነው” አለችኝ።

ሁለት ሌሊት ወንበር ላይ አደረች። ልጇም ሌላ ቲኬት ገዛ። ያኔ ያልገባንን ነገር እናንተ ከመነሳታችሁ በፊት እንድታውቁት ነው ይህን የምጽፈው።

ችግሩ ልጁ ትንሽ ገንዘብ ለማትረፍ ሲል ሁለት የተለያዩ ቲኬቶች መግዛቱ ነበር። ጉዞው በሙሉ በአንድ ቲኬት ከተቆረጠ፣ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሌላ በረራ እስከ መጨረሻው ማድረስ የአየር መንገዱ ሥራ ነው። ቲኬቶቹ ለየብቻ ከሆኑ ግን የመጀመሪያው “እኔ አድርሻለሁ” ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ “በሰዓቱ አልመጣችሁም” ይላል። ሁለቱም በሕጋቸው ልክ ናቸው። ስለዚህ ውጭ ያለ ዘመድ ቲኬት ሲገዛላችሁ መጀመሪያ ጠይቁት፦ “አንድ ቲኬት ነው ወይስ ሁለት?” ናይሮቢ ሻንጣ ስታስረክቡም የሚለጠፍበትን ወረቀት እዩ። ቶሮንቶ የምትሄዱ ከሆነ መጨረሻው ዋይ.ዋይ.ዜድ. ማለት አለበት። የመሀሉን ከተማ ካለ፣ እዚያ ወጥታችሁ ሻንጣ ተቀብላችሁ እንደገና ማስረከብ አለባችሁ ማለት ነው። ለመውጣት ደግሞ የዚያ አገር ቪዛ ያስፈልጋል።

የኛ ነገር ከሌላው መንገደኛ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሌላው በረራ ሲያመልጠው ወጥቶ ሆቴል ያድራል። በኢትዮጵያ ወይም በኤርትራ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ግን በሼንገን አገሮች ከአየር ማረፊያው ሳይወጣ አውሮፕላን ለመቀየር እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። ጊዜው ያላለፈ የካናዳ ወይም የአሜሪካ ቪዛ ያለው ከዚህ ነጻ ነው፤ ቢሆንም ወደ ከተማ መውጣት አይችልም።

ሌላው ሰው የሚያስቀር ነገር ሰዓት ነው። ሞያሌ ላይ ወዲህም ወዲያም ያለው ሰው ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ የኛ “ከሌሊቱ ስድስት” በስዋሂሊም “ሳ ሲታ ኡሲኩ” ነው። ቲኬት ግን ይህን አያውቅም። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት ከ7 በታች ከሆነ 6 ጨምሩበት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን 6 ቀንሱ፤ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ቀንሱ። 14:00 ማለት ከቀኑ 8፣ 20:00 ማለት ከምሽቱ 2 ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው አደገኛው። “ሐሙስ 00:40” የሚል ቲኬት በኛ ረቡዕ ማታ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ነው። ሐሙስ ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚሄድ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው! ደግሞ በየመንገዱ የተጻፈው ሰዓት የዚያው ከተማ ሰዓት ነው እንጂ የናይሮቢ አይደለም።

ከሞያሌ ናይሮቢ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል ያለው መንገድ አስፋልት ቢሆንም ፍተሻው ብዙ ነው። ከካምፕ ለምትወጡ ደግሞ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ላይ ያለው ቀን ከበረራው ቀን ጋር መግጠሙን አስቀድማችሁ እዩ። ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ናይሮቢ ግቡ።

እንግዲህ በረራው አመለጠ እንበል። አየር ማረፊያውን ለቃችሁ አትውጡ። “ትራንስፈር” የሚል ምልክት ተከትላችሁ የአየር መንገዱን ሠራተኛ ፈልጉ፤ የመሳፈሪያ ወረቀታችሁን (ቦርዲንግ ፓስ) አሳዩና የመጀመሪያው በረራ ስንት ሰዓት እንደዘገየ ተናገሩ። አዲሱን በረራ በወረቀት ተቀበሉ። ምግብና ውሃ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። አክስቴ አፍራ ዝም ብላ ነው በመጀመሪያው ሌሊት ያልበላችው። ፓስፖርት ወይም የስደተኛ የጉዞ ሰነድ፣ የቪዛ ወረቀት፣ መድኃኒት፣ የዘመድ ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ፣ ሁሉም እጃችሁ ላይ ይሁን እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። የካናዳ ቋሚ ነዋሪነት ቪዛ ማለፊያ ቀን አለው። ቀኑ ከቀረበ ለሠራተኛው በጣታችሁ አሳዩት፤ ከነገ ወዲያ የሚለውን ዛሬ ሊያደርገው ይችላል።

መብትም አለ። የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ኬንያንም ኢትዮጵያንም ይመለከታል። አየር መንገዱ የሚቻለውን ሁሉ ማድረጉን ካላስረዳ በመዘግየቱ ለደረሰባችሁ ኪሳራ ይጠየቃል፤ ስለዚህ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳ በረራ ከሆነ ደግሞ የማንም አየር መንገድ ይሁን የኅብረቱ ደንብ ቁጥር 261/2004 ይሠራል፤ በረዥም በረራ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ የደረሰ መንገደኛ እስከ 600 ዩሮ ሊያገኝ ይችላል። አየር መንገዱ ሊያስቀረው የማይችለው ምክንያት ሲሆን ካሣው ይቀራል፤ ምግቡና ማደሪያው ግን አይቀርም።

እንዲህ ያለው ምክንያት ሩቅ አይደለም። መስከረም 1 ቀን 2017፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ የናይሮቢው ጆሞ ኬንያታ አየር ማረፊያ ሠራተኞች አየር ማረፊያውን ለህንዱ አዳኒ ለ30 ዓመት የመስጠቱን ዕቅድ ተቃውመው ሥራ አቆሙ። መንገደኛው ውጭ ተሰልፎ ዋለ። ማታ ላይ ቢስማሙም እንዲህ ያለ ሰልፍ በአንድ ሌሊት አይጠራም።

በአይ.ኦ.ኤም. በኩል ለሠፈራ የምትጓዙ ቲኬታችሁን የሚይዘው ድርጅቱ ነው፤ የድርጅቱ ስም ያለበትን ቦርሳ ከእጃችሁ አትለዩ፣ ለሠራተኞቹ የምትታወቁት በሱ ነው። በረራ ቢያመልጣችሁ በራሳችሁ ገንዘብ ቲኬት እንዳትገዙ። ደግሞ በረራው ራሱ የሚቆምበት ጊዜ አለ፤ በመጋቢት 2012 በኮቪድ፣ በጥር 2017 ደግሞ በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ትእዛዝ ቆሟል። በነዚያ ጊዜያት ፍራሽና ድስታቸውን ለጎረቤት አከፋፍለው የጨረሱ ሰዎች ነበሩ። እኔ ብሆን ናይሮቢ እስክደርስ ድረስ ዕቃዬን አደራ እሰጣለሁ እንጂ አልሸጥም።

የአክስቴ ሻንጣ ከሷ ጋር አልደረሰም። ልጇ ስልክ ላይ ሆኖ “ከአዳራሹ ሳትወጪ አስመዝግቢ” ስላላት አስመዝግባ፣ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተቀብላ ወጣች። ለዘገየ ሻንጣ በጽሑፍ ማመልከት የሚቻለው ሻንጣው እጅ ከገባበት ቀን ጀምሮ እስከ 21 ቀን ነው፤ ለተጎዳ ደግሞ 7 ቀን ብቻ። የሷ በስድስተኛው ቀን ቤት ድረስ መጣላት፤ በርበሬው ትንሽ ፈስሷል።