ቀለም የሸፈነው ጉዳት

«ሲያዩት ያምር፣ ሲበሉት ያቅር» ይባላል። ተጋጭታ ቀለም የተቀባች መኪናም እንዲሁ ናት።

በአገራችን መኪና እንዲሁ አይጣልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ አከበደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ የተጎዳችውም ተጠግና ገበያ ትወጣለች።

ታዲያ ጉዳቱ ዋጋዋን ምን ያህል ይጥለዋል? ጉዳት ሁሉ እኩል አይደለም። ኮፈን ወይም ፓራፋንጎ ቢጨማደድ ይቀየራል፤ ገዢው የላሜራና የቀለም ሒሳብ ቀንሶ ይገዛል። ሻንሲ ከተጣመመ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሻንሲ የመኪና አከርካሪ ነው። ተቃንቶና ተበይዶም ልኩን ካልያዘ ጎማ ባንድ ወገን ይበላል፣ መሪ ይጎትታል። እዚህ ላይ ገዢው የሚቀንሰው የጥገናውን ወጪ ብቻ አይደለም፤ የጥርጣሬውንም ጭምር ነው።

ይህን የሚያውቅ ሻጭ ጠባሳውን በስቱኮና በቀለም ይደብቃል። ነገር ግን ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲወረድ ቀለም መኪና አይዝም። ያኔ የሚጎድለው ብር ሳይሆን ሰው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ጉድለትን በተንኰል የደበቀ ሻጭ «ኃላፊ አይደለሁም» የሚል ቃል በውሉ ቢያስገባ እንኳ አያድነውም።

እኛ ዕጩ መምህራን ነገ በየገጠሩ ስንመደብ «ውል አንብቡልን» መባላችን አይቀርም። እንግዲያው ሊብሬውን ብቻ አይተን አንለፍ። «ተጋጭታ ታውቃለች ወይ?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱም በውሉ ላይ ይስፈር። ከፊርማው በፊትም መካኒክ ከሥሯ ገብቶ ይያት።