የኪስ ሃርድ ዲስክ አመራረጥ፤ ርካሹ ከሐሰተኛው የሚለይበት መንገድ

የነጋዴ ንብረቱ በመጋዘኑ የተከማቸው ዕቃ ብቻ አይደለም። ማን ምን እንደ ወሰደ፣ ማን ምን ያህል እንደ ቀረበት፣ ለየትኛው ዕቃ ምን ያህል ቀረጥ እንደ ተከፈለ፣ በባንክ የተከፈተው ኤል ሲ መቼ እንደሚያበቃ የሚናገረው መዝገብ ከዕቃው የማያንስ ንብረት ነው። ዱሮ ይህ መዝገብ በብረት ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ሱቆችና ቢሮዎች፣ የዓመታት ሒሳብና ሰነድ ሁሉ ክብደቱ ከሩብ ኪሎ በማይበልጥ፣ በኮት ኪስ በሚገባ አንድ ዕቃ ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል፤ ይኸውም የኪስ ሃርድ ዲስክ የሚባለው ነው።

ይህ ዕቃ ከውጭ አገር የሚመጣ ስለ ሆነ ዋጋው ከምንዛሪ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የሚጠየቀው ዋጋ ከፍ በማለቱ፣ ገዢው ርካሹን ቢፈልግ አይፈረድበትም። ሆኖም ርካሽ የሚመስለው ሁሉ ርካሽ አይደለም። መዝገቡን አሳምኖ አስረክቦ በክፉ ቀን የሚከዳ ዲስክ፣ የተገዛው በምንም ያህል ትንሽ ገንዘብ ቢሆን፣ ከሁሉ የከበደ ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ነጋዴው ሲገዛም ሆነ ሲሸጥ ሊያውቃቸው የሚገቡት ነገሮች ከዚህ በታች ተዘርዝረዋል።

1ኛ/ ስለ ሁለቱ ዐይነቶች

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ሰሌዳዎች የተደራረቡበት፣ አንድ ቶን ያህል የሚመዝን መሣሪያ ነበር፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው። ዛሬ በኪስ የሚያዘው የ1 ቴራባይት ዲስክ፣ በላቲን ፊደል ቢቆጠር፣ የዚያን 200,000 እጥፍ ይይዛል። የአሠራሩ መሠረት ግን አልተለወጠም፤ ማግኔትነት ያለው ሰሌዳ ይሽከረከራል፣ አንዲት ትንሽ መርፌ መሰል ክንድም ሳትነካው ከላዩ እየተመላለሰች ትጽፋለች፣ ታነባለች።

ሁለተኛው ዐይነት ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ነው። በውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ መረጃው የሚቀመጠው እንደ ፍላሽ በኤሌክትሪክ ቺፕ ላይ ነው። ከእጅ ቢወድቅ በቀላሉ አይጎዳም፣ ፍጥነቱም እጅግ የላቀ ነው። 100 ጊጋባይት ሰነድ ለመገልበጥ የሚሽከረከረው ዲስክ ሩብ ሰዓት ያህል ሲወስድ፣ ደኅናው ኤስ ኤስ ዲ በአራት ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። ይሁን እንጂ ዐቅሙ እኩል ሲሆን ዋጋው ከሚሽከረከረው ይበልጣል። ከዚህም ሌላ ለብዙ ዓመታት ከኤሌክትሪክ ተለይቶ በሣጥን ቢቀመጥ በቺፑ ላይ ያለው መረጃ እየደከመ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ዕለት ዕለት በቦርሳ ይዞ ለሚዘዋወር ሰው ኤስ ኤስ ዲ ይሻለዋል። ሰነድ ገልብጦ በሣጥን ለሚያኖር ባለሱቅ ግን የሚሽከረከረው ዐይነት በቂና ረከስ ያለ ነው።

2ኛ/ ስለ ዐቅም

ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት ከሚያስፈልጋቸው በላይ በመግዛት ነው። አንድ ቢሮ በቀን 200 ገጽ ሰነድ በስካነር ቢያነሣ፣ እያንዳንዱም ገጽ ግማሽ ሜጋባይት ቢይዝ፣ በ300 የሥራ ቀን የሚሰበሰበው 30 ጊጋባይት ነው። በዐሥር ዓመት እንኳ 300 ጊጋባይት ይሆናል። እንግዲህ የ1 ቴራባይት ዲስክ እንዲህ ላለው ቢሮ ተርፎ ይተርፈዋል ማለት ነው። ፊልምና ፎቶግራፍ ለሚያከማች ሰው ግን ስሌቱ ሌላ ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ክርክር የሚያስነሣ አንድ ነገር አለ። በማሸጊያው 1 ቴራባይት ተብሎ የተጻፈበት ዲስክ፣ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ 931 ጊጋባይት ብቻ ያሳያል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ፋብሪካው በ1,000 እያባዛ ሲቆጥር ኮምፒውተሩ በ1,024 ስለሚቆጥር የሚመጣ ልዩነት ነው። ባለሱቁ ይህን አስቀድሞ ለደንበኛው ቢያስረዳ ከአላስፈላጊ ቅሬታ ይድናል።

3ኛ/ ስለ ሐሰተኛው ዲስክ

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ይህ ክፍል ነው። በገበያ ላይ 16 ወይም 30 ቴራባይት ተብሎ የተጻፈባቸው፣ መልካቸው ያማረ፣ ዋጋቸው ግን ከእውነተኛው የ1 ቴራባይት ዲስክ እንኳ ያነሰ ዕቃዎች ይታያሉ። እነዚህ ተከፍተው ሲመረመሩ ብዙውን ጊዜ የሚገኝባቸው በስልክ ውስጥ የሚገባው ዐይነት አነስተኛ ሚሞሪ ካርድ ነው። ክብደቱ እውነተኛ እንዲመስልም ብረት የሚጨመርበት ጊዜ አለ።

ተንኮሉ እንዲህ ነው። ዲስኩን የሚያዝዘው ትንሽ ፕሮግራም፣ ኮምፒውተሩ «ዐቅምህ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቀው «16 ቴራባይት» ብሎ እንዲመልስ ተደርጎ ተለውጧል። እውነተኛው ዐቅም 64 ጊጋባይት ቢሆን፣ እስከዚያ ድረስ የተጻፈው ሁሉ ደኅና ይነበባል። ከዚያ ወዲያ የሚጻፈው ግን ወይ ይጣላል፣ ወይም ቀድሞ በተጻፈው ላይ ይደረባል። የሰነዶቹ ስም በዝርዝሩ ላይ እንዳለ ስለሚታይ ባለቤቱ ምንም አይጠረጥርም። ጉዳቱ የሚታወቀው ሰነዱ የሚፈለግበት ቀን ሲደርስ ነው፤ የታክስ መርማሪ ሲመጣ፣ ወይም ባለዕዳ «አልወሰድኩም» ብሎ ሲክድ፣ የተፈለገው ወረቀት ስሙ አለ፣ ውስጡ የለም።

ሐሰተኛውን ለመለየት የሚረዱት ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው።

(ሀ) ዐቅሙና ዋጋው አይመጣጠንም። የሚሽከረከረው የኪስ ዲስክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. የደረሰበት ከፍተኛ ዐቅም 6 ቴራባይት ነበር። ከዚያ የሚበልጥ ዐቅም ያለው እውነተኛ የኪስ ኤስ ኤስ ዲ ቢኖርም ዋጋው እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ «16 ቴራባይት በርካሽ» የሚል ጽሑፍ ራሱ ምስክር ነው።

(ለ) የሠሪው ስም አይታወቅም። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በዓለም ላይ የሚሠሩት ዛሬ ሦስት ኩባንያዎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ ናቸው። በሽፋኑ ላይ የሌላ ኩባንያ ስም ቢጻፍም በውስጡ ያለው ከነዚሁ የአንዱ መሆን አለበት። ኤስ ኤስ ዲ የሚሠሩት ግን ከዚህ ይበዛሉ።

(ሐ) የመለያ ቁጥር የለውም፤ ወይም በማሸጊያው፣ በዲስኩ ጀርባና በኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው ቁጥር አይስማማም።

ምልክት ግን ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃው ፈተና ነው። ዐቅሙን በኮምፒውተሩ ላይ ማየት፣ ወይም አንድ ትንሽ ፋይል ገልብጦ መክፈት ምንም አያረጋግጥም፤ ሐሰተኛውም ይህን ያልፋልና። ትክክለኛው ፈተና ባዶውን ዲስክ እስከ አፉ ሞልቶ፣ የተጻፈውን ሁሉ መልሶ አንብቦ ማስተያየት ነው። ይህንኑ የሚፈጽሙ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ፤ ለዊንዶውስ ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ፣ ለሊነክስና ለማክ ደግሞ ኤፍ ስሪ የሚባሉት ናቸው። አንድ ቴራባይት በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢጻፍ 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይፈጃል፤ መልሶ ለማንበብም ያንኑ ያህል ይወስዳል። ጊዜው ረዘመ ተብሎ ፈተናው ሊታለፍ አይገባም፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

ሌላም ማታለያ አለ፤ ያገለገለን ዲስክ አዲስ ሽፋን አልብሶ መሸጥ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን የመሰለ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ብዙ ጊዜ ያሳያል። አዲስ ተብሎ የተሸጠ ዲስክ በሺሕ የሚቆጠር ሰዓት ሠርቶ ከተገኘ ለሻጩ መመለስ ነው።

4ኛ/ ስለ አስመጪዎችና ስለ ባለሱቆች

በአንድ ገዢ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአንድ ዲስክ ያበቃል፤ በአስመጪ ላይ የሚደርሰው ግን በካርቶን ይቆጠራል። ስለዚህ አስመጪው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ናሙና አስመጥቶ መፈተን፣ በፕሮፎርማው ላይም የሠሪውን ስም፣ ሞዴሉን፣ እውነተኛውን ዐቅምና የዋስትናውን ዘመን በግልጽ ማስጻፍ ይገባዋል። ናሙናው ደኅና ሆኖ ጭነቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ ዕቃው ሲደርስ ከየካርቶኑ ጥቂት እያወጡ መፈተን ያስፈልጋል። ዐቅሙ ከውሉ ያነሰ ሆኖ ሲገኝ ገንዘቡ እንደሚመለስ የሚገልጽ ቃል በውሉ ቢገባ መልካም ነው።

ዋጋውን በሚመለከትም ያለፈው ዓመት ዋጋ ለዘንድሮ መለኪያ ሊሆን አይችልም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በታይላንድ የደረሰው ጎርፍ የዌስተርን ዲጂታልን ፋብሪካ ባጥለቀለቀ ጊዜ የሃርድ ዲስክ ዋጋ በዓለም ገበያ በጥቂት ወራት ውስጥ ናረ። ጥቂት ሠሪዎች ብቻ ባሉት ዕቃ የአንዱ ችግር ለሁሉም ይተርፋል።

ባለሱቁም በበኩሉ የዲስኩን መለያ ቁጥር በደረሰኙ ላይ ቢጽፍ፣ ደንበኛው ሲፈልግም ፈተናውን በፊቱ ቢያካሂድለት ራሱንም ይጠብቃል። የሸማቾችን ጥበቃ በሚመለከት በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዐይነት በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ «እኔም እንዲህ ብለው ሸጡልኝ» የሚለው ምክንያት የደንበኛን እምነት አይመልስም።

5ኛ/ ስለ አያያዝና ስለ ሁለተኛው ቅጂ

የሚሽከረከረው ዲስክ በሥራ ላይ እያለ ከጠረጴዛ ቢወድቅ ክንዱ ሰሌዳውን ሊቧጥጥ ይችላል፤ ስለዚህ ሲሠራ አይነሣም፣ አይንቀሳቀስም። ገመዱም ኮምፒውተሩ «አሁን ማውጣት ይቻላል» ሳይል አይነቀልም። መብራት በሚቋረጥበት ስፍራ ዲስኩን ባትሪ ባለው ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ መገልበጥ ይመረጣል፤ በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ቢቋረጥ የሰነዶቹ ማውጫ ሊበላሽ ይችላልና። የገመዱ ፍጥነትም መታየት አለበት፤ ፈጣኑ ዲስክ በአሮጌው የዩ ኤስ ቢ 2 ሶኬት ላይ ቢሰካ እንደ ቀርፋፋው ሆኖ ይቀራል። በዊንዶውስና በማክ ላይ እያፈራረቁ ለሚሠሩ ሰዎች ዲስኩን ኤክስ ፋት በሚባለው አሠራር ማሰናዳት ይጠቅማል፤ በሁለቱም ይነበባል፣ ይጻፍበታልም። ይህ ማሰናዳት ግን በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ሰነድ ሳይገባበት መደረግ አለበት። ዲስኩ በሌባ እጅ ቢወድቅ የንግዱ ምስጢር እንዳይገለጥም በይለፍ ቃል መቆለፍ ይገባል። የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ግን ሰነዱም አብሮ ይጠፋልና በታመነ ስፍራ ተጽፎ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢሆን፣ ከታወቀ ፋብሪካ የወጣ፣ የተፈተነ ዲስክ እንኳ አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። ከብልሽት፣ ከስርቆትና ከእሳት የሚያድነው ሁለተኛ ቅጂ ብቻ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ያለውን ገንዘብ በሙሉ በአንድ ትልቅ ዲስክ ላይ ከሚያውል፣ ለሥራው የሚበቁ ሁለት መጠነኛ ዲስኮችን ቢገዛ ይበልጥ ይጠቀማል። አንዱን በሱቁ፣ ሌላውን በቤቱ ያኑር፤ ሳምንቱ ባለቀ ቁጥርም ሁለቱን ያስተካክል፤ በየጥቂት ወሩም ከሁለተኛው ላይ አንዳንድ ሰነድ እየከፈተ ደኅንነቱን ይመልከት።

እንግዲህ ርካሽ ዲስክ ማለት በመደብሩ ዝቅተኛ ዋጋ የተጻፈበት ማለት አይደለም። ርካሽ ዲስክ ማለት ዐቅሙ በፈተና የተረጋገጠ፣ ከሥራው ፍላጎት ያልበለጠ፣ ከጎኑም አምሳያ ያለው ነው። መዝገቡን በእንዲህ ያለ ዲስክ ያኖረ ነጋዴ የሒሳብ ጥያቄ ቢነሣበት፣ አንዱ ዲስክ ከድቶት እንኳ፣ ሌላውን ሰክቶ ሰነዱን ያቀርባል።