አንድ ዓይን ሲሸፈን

ኮልፌ ቀራንዮ፣ ቤታችን ሶፋ ላይ፣ የእህቴ ልጅ በስልኬ ጌም ሲጫወት ለቀልድ ቀኝ ዓይኑን ሸፈንኩበት። «ኧረ ደበዘዘብኝ!» አለ። አምስት ዓመቱ ነው፤ ማናችንም አላወቅንም ነበር።

ሐኪሟ ግራ ዓይኑ ጥርት ያለ ምስል ስለማይልክ አንጎሉ ችላ ብሎታል አለችን። መነጽር አዘዘችለት፤ ደህነኛው ዓይን ደግሞ በቀን ሁለት ሰዓት ይሸፈን።

ነገሩ እስከ ኬሚስትሪ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመ ጥናት፣ የጎልማሳ ጦጣዎች አንድ ዓይን ማየት ሲያቆም ከዚያ ዓይን መልእክት በሚቀበለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ካም ኪናዝ የሚባል መልእክት አስተላላፊ ኢንዛይም ጨመረ። በልጅነት ሲሆን ግን የነርቮቹ ግንኙነት ራሱ ይሳሳል። መሸፈኛው በጊዜ የሚጀመረውም ለዚህ ነው።

ሁለቱን ሰዓት ጌም ፈቀድንለት። ትናንት ገና በሃያ ደቂቃው ገንጥሎ ጣለው።